ደስታነሽ ወደ ካላሽ ልትሄድ ነው

ደስታነሽ አንድ ነገር ከያዘች ያዘች ነው። ሲያትል አጠገብ፣ ሲታክ ውስጥ ባለ ሆቴል፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ አንሶላ ማጠፍ ከጀመረች ወዲህ ስንት አለቃ መጥቶ ስንት አለቃ ሄዷል፤ የአንሶላው አስተጣጠፍ ግን ዛሬም እሷ እንዳለችው ነው። አንዱ አለቃ ሊያሻሽለው ሞክሮ ነበር። ምስኪን፣ ሳምንትም አልቆየም።

ይህኛውን ነገር የያዘችው ባለፈው ጥር በምሳ ሰዓት ነው። አብራት የምትሠራው ናዝኒን ከፓኪስታን ተራሮች፣ ቺትራል ከሚባል አገር የመጣች ናት። ሁለቱም እንግሊዝኛቸው ስብርብር ያለ ስለሆነ በጣም ይግባባሉ። ናዝኒን የልጅነት ጓደኛዋን የዛሪናን ፎቶ በስልኳ አሳየቻት። ዛሪና ካላሽ ናት። ካላሾች በሦስት ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ፣ የራሳቸው ቋንቋና የራሳቸው እምነት ያላቸው ጥቂት ሕዝቦች ናቸው። በፎቶው ላይ ዛሪና ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ዛጎል የተደረደረበት ቆብ ደፍታ፣ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብላ መቀነት ትሠራለች።

«ምን እያደረገች ነው?» አለች ደስታነሽ።

«እየሸመነች።»

«ሴት?»

ናዝኒን ጥያቄው አልገባትም። እንዴት ይገባታል? ደስታነሽ የዶርዜ ልጅ ናት፤ ጨንቻ አጠገብ ነው የተወለደችው። እዚያ ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች። አባቷ ስሙ የተጠራ ሸማኔ ነበር። አንድ ቀን በልጅነቷ የሽመና ወንበሩን ባዶ ስታገኘው እግሯን ከሥሩ ወዳለው ጉድጓድ ሰድዳ ተቀመጠች። አባቷ ደረሰና በክንዷ ብድግ አድርጎ አወጣት። አልመታትም፣ አልተቆጣትም፤ «የሴት እጅ ለእንዝርት ነው» ብሎ ብቻ ሥራውን ቀጠለ። ቢመታት ይሻላት ነበር። ይህ ነገር በሆዷ አርጅቶ ሞቷል የሚል ካለ ደስታነሽን አያውቃትም።

ማታ ኦቴሎ ከሚባለው የሲያትል ሰፈር፣ ቤቷ እንደገባች፣ ካላሽ ሄጄ መሸመን ልማር ብላ ለልጇ ለሃሴት ነገረቻት። ሃሴት የኮምፒውተር ሰው ናት፤ እናቷ ውሃ ቀድታ ሳትጨርስ ጉዞውን አሰናዳችው።

«ማም፣ ሜይ ላይ የስፕሪንግ ፌስቲቫላቸው አለ። ሁሉም ሰው ያኔ ነው የሚሄደው። ሶ፣ ቫኬሽኔን ያኔ ወስጄ ትኬት ቡክ አደርጋለሁ። ቪዲዮ ደግሞ እሠራለሁ።»

«ጠይቀሻቸዋል?»

«ማንን?»

«ባለቤቶቹን።»

«ማም፣ ፌስቲቫል እኮ ነው። ማንም መሄድ ይችላል።»

ደስታነሽ የልጇን ኮምፒውተር ከደነችው። 

የደስታነሽ አባት የሞተ ጊዜ እንደ አገሩ ወግ ወንዶቹ ጦር ይዘው፣ በለቅሶው ሜዳ እየፎከሩ ሮጡ። መለከት ተነፋ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። በዚህ መሀል አንድ መኪና ቱሪስት መጣ። አስጎብኚው ምን እንዳላቸው እግዜር ይወቅ፣ ወርደው ከሯጮቹ ጋር ይጨፍሩ ጀመር። አንዷ ካሜራዋን የደስታነሽ እናት ፊት ላይ ደቅና «ፈገግ በይ» በሚል ዓይነት በእጇ አሳየቻት። የመንደሩ ሰው እንግዳ ማስቀየም ነውር ነው ብሎ ዝም አለ። ደስታነሽ ግን እስከ ዛሬ ያንን ዝምታ ይቅር አላለችም። ስለዚህ ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት ብላ የሰው ሜዳ ላይ አትገኝም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና በነጋታው ናዝኒንን ያዘቻት። «ለዛሪና ደውይላት። የሸማኔ ልጅ ናት፣ መሸመን መማር ትፈልጋለች በያት። ምን እናያለን ብለሽ እንዳትጠይቂ። እንግዳ ምን ሲያደርግ ትጠላላችሁ በያት።»

መልሱ በሳምንቱ በድምፅ መጣ። ሃሴት እንዲያመልጣት ስላልፈለገች ናዝኒን ኦቴሎ ድረስ መጥታ፣ ሦስቱም ሶፋው ላይ ተቀምጠው ድምፁን እያቆመች ተረጎመችላቸው።

«የመጣ ሁሉ ፎቶ የት ይነሣል ይለናል» ትላለች ዛሪና። «ይህቺ የማንወደውን ጠየቀች፤ ስለዚህ ልንገራት። ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ጊዜ የሚቀመጡበት ቤት አለን፤ ካሜራ ይዛ አትጠጋው። መሠዊያውና የፍየሎቹ በረት ጋ ሴት አትሄድም፤ እሷም አትሂድ። በበዓል ጊዜ ስልክ ፊታችን ላይ ተደቅኖ ይውላል፣ እኔም ለእንግዳ ስቀቅል እውላለሁ። መሸመን ከሆነ የፈለገችው፣ ሰው ሲበተን መስከረም ላይ ትምጣ፤ አጠገቤ አስቀምጣታለሁ። ስጦታ አልፈልግም። አባቷ ሸማኔ ከነበረ የሠራበትን ዕቃ ታምጣና ታሳየኝ።»

ደስታነሽ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። የሴቶቹ ቤትም አልደነቃትም፤ እሷም በወር አበባዋ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ ያስቀደሰች ሴት ናት። «መስከረም እሄዳለሁ» አለች። ናዝኒንም እናቷን ልትጠይቅ በዚያው ወር ስለምትሄድ አብረው ለመሄድ እዚያው ተስማሙ።

ሃሴት የተናደደችው ናዝኒን ከወጣች በኋላ ነው። ዕረፍቷን ለሜይ አስመዝግባዋለች፤ አይቀየርም። ያለ እሷ ሊኬድ ነው ማለት ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ ሌላ ነበር።

«አይ ዶንት ጌት ኢት፣ ማም። አያቴ ሴት ነሽ ብሎ ከሽመናው ስላስነሳሽ እስከ ዛሬ አፕሴት ነሽ። እዚያ ሴት ወደ በረቱ አትሄድም ሲሉሽ ግን እሺ አልሽ።»

«በቤቴ እከራከራለሁ። በሰው ቤት ጫማዬን አወልቃለሁ።»

«ኦኬ። በቤትሽ መቼ ነው የተከራከርሽው?»

ይህቺ ልጅ አንዳንዴ በደንብ እናቷን ትመስላለች።  ደስታነሽ ልጅ ሆና ዝም አለች፣ አድጋ ዝም አለች፣ አባቷ ሲሞትም ዝም አለች። መንደሩን በዝምታው ስትወቅስ የኖረችው ሴት ራሷም የዚያው መንደር ልጅ ናት። በጣም አመማት።

አመማት እንጂ አልተቀመጠችም። እዚያው ስልኳን አነሣችና ሽሮ ሜዳ ለሚሸምነው ወንድሟ ለብዙነህ ደወለች፤ ሃሴትም እንድትሰማ ድምፁን ለቀቀችው።

«ብዙነህ፣ የአባዬን መወርወሪያ ላክልኝ።»

«ለግድግዳ ነው?»

«ልሸምንበት ነው።»

ብዙነህ ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲገባው አቆመ። «አንቺ፣ ምን ነካሽ? ሴት መወርወሪያ አትይዝም። አባዬ ቢሰማ ምን ይላል?»

«አባዬ ሞቷል። ለቅሶው ላይ ፈረንጅ ሲጨፍርበት ዝም ብላችኋል፤ እኔም ዝም ብያለሁ። ያንን የቻለ ሰው እኔ መወርወሪያ ስይዝ አይከፋውም። ከከፋውም፣ ልጁ ነኝ፣ ይቻለኝ።»

ሃሴት የለቅሶውን ነገር ሰምታ አታውቅም ነበር። መጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።



«አያያዙን እንኳ አታውቂውም» አለ ብዙነህ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ሰው ፊት ልታዋርጂን ነው?»

«ከቀኝ ይወረወራል፣ በግራ ይቀለባል፤ ማጉ ሲገባ በእግር ይረገጣል፣ ይመታል። ክሩ ቢበጠስ እንኳ አይቋጠርም፣ በምራቅ ይጋጠማል።»

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«አባዬ አንተን ሲያስተምርህ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ የሚፈትለው ማን ነበር?»

 ብዙነህ በመጪው ወር ወደ ሲያትል የሚመጣ፣ መወርወሪያውን የሚይዝላት ሰው እንዳለ ጠየቃት።