የኡራኤል ጠበል በሮማ ፍተሻ

አቶ ወልደአረጋይ ካዛንቺስ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን ሳይፈረም ከመጋዘን የወጣ መጥረጊያ እንኳ የለም። ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው የእጅ ሰዓት ሸለሟቸው፤ እሳቸውም ተረክበው ፈረሙ። ማንም ፈርሙ አላላቸውም።

እኚህ ሰው ሮማ የምትኖር ልጃቸውን ሉሊን ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ የድሮ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ለተብርሃን ከጎተራ ኮንዶሚኒየም ድረስ መጥተው አንድ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሰጧቸው። ውስጡ ያለው የኡራኤል ጠበል ነው፤ የሚደርሰውም ብራስልስ ላለው ልጃቸው ለሰመረ። ሰመረ ወራት ሆነው ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። የእናቱን ስልክ አያነሳም፣ እንቅልፍም የለውም ይባላል።

«አደራ አቶ ወልደአረጋይ፣ በእጁ ይስጡልኝ። እህል ሳይቀምስ ይጠጣው» አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን።

ከአዲስ አበባ ሮማ ድረስ ጠበሉ በትልቁ ሻንጣ ውስጥ በሰላም ተጓዘ። ጣጣው የመጣው ሉሊ አራት ቀን ዕረፍት ወስዳ አባቷን ብራስልስ ላስጎብኝ ስትል ነው። የቆረጠችው ርካሽ ቲኬት ከወንበር ሥር ከምትገባ ቦርሳ ሌላ አያስይዝም። አቶ ወልደአረጋይ ቅያሪ ሸሚዝ፣ ነጠላቸውንና ሃይላንዱን ከተቱባት። ለሉሊ አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ፍተሻው ላይ አንድ ወጣት ፈታሽ ጠርሙሱን ብድግ አድርጎ በጣሊያንኛ ተናገረ።

«ወይ ይጠጡት ወይ ይጣሉት ነው የሚለው» አለች ሉሊ።

«ይጣሉት ማለት?»

«አባዬ፣ ውሃ እኮ ነው። ውስጥ እገዛልሃለሁ በቃ።»

«ጠበል ነው።»

ሉሊ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል።

«እሺ፣ ጠጣዋ!»

«ቁርስ አብልተሽኝ?»

እህል ተቀምሶ ጠበል አይጠጣም። ሉሊም ካፑቺኖዋን ጠጥታለች። ለፈታሹ እንዳይሰጡት እሱም ማስቲካ ያኝካል። ጠበል ቆሻሻ መጣያ ውስጥ መድፋት ደግሞ የማይታሰብ ነው።

አቶ ወልደአረጋይ ፈሩ። የፈሩት ፈታሹን አይደለም። ወይዘሮ ለተብርሃን «ጠጣ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ እሳቸው ደግሞ ያላስረከቡትን አስረከብኩ ብለው አያውቁም። በዚህ ዕድሜያቸው አደራ በላ ሊባሉ ነው።

ታጥቦ የተተኮሰውን ነጠላ አወጡ። ፌስታል ውስጥ አስገብተው ጠበሉን ቀስ እያሉ አፈሰሱበት፤ ጥጡም አንዲት ጠብታ ሳያስተርፍ መጠጠው። ባዶውን ጠርሙስ ለፈታሹ ዘቅዝቀው አሳዩት። ፈታሹ አለቃውን ጠራ። አለቃው ነጠላውን በሁለት ጣቱ ነካ፣ ጣቱን በሱሪው ጠረገ፣ ትንሽ አሰበ። ሕጉ ስለ ፈሳሽ ብዙ ይላል፤ ስለ እርጥብ ጨርቅ ግን ያለው ነገር የለም። አሳለፋቸው።

አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ዘገየ፤ ጠበሉ ለሰመረ የተላከ መሆኑን ለሉሊ የነገሯት ያኔ ነው። ሲሳፈሩ አስተናጋጇ ፌስታሉን ከወንበር ሥር አድርጉት ብትላቸው እምቢ አሉ፤ ጠበል እግር ሥር አይቀመጥም። ኮታቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ላይ ሸጎጡት። ፌስታሉ ለካ ቀዳዳ ኖሮታል፤ ብዙም ሳይበሩ ሸሚዛቸው ራሰ።

«አባዬ፣ ተራራውን እየው እንጂ! ለሽርሽር እኮ ነው የወጣነው» አለች ሉሊ።

አቶ ወልደአረጋይ በመስኮቱ አዩ። ተራራ ነው።

«ሰመረ የሚመጣ ይመስልሃል ግን? ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ስንት ዓመቱ። የምንደርስበትን ሰዓት ትናንት ቴክስት አድርጌለት እንኳ አልመለሰም።»

«መምጣት የእሱ ፋንታ ነው፤ የእኔ ማድረስ ነው» አሉ። አፋቸው እንዲህ ይበል እንጂ ሆዳቸው አላመነም። ቢቀርስ? ለእናቱ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?

ብራስልስ ሲደርሱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። ሰመረ መውጫው ላይ ቆሟል። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ ጃኬቱ የሌላ ሰው ይመስላል። አቶ ወልደአረጋይን ጎንበስ ብሎ ሳማቸው።

«መጀመሪያ የሆነ ነገር እንብላ፤ በረሃብ ሞተናል» አለች ሉሊ።

«እናንተ ብሉ» አለ ሰመረ። «እኔ… ማለቴ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። እማዬ ሳትበላ ጠብቃቸው ብላ ቴክስት ልካልኝ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነኝ።»

አቶ ወልደአረጋይ ፌስታሉን ከኮታቸው አወጡ። ስለ ፍተሻው፣ ስለ ቁርሱ፣ ስለ ቀዳዳው አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። ጠርሙስ ሲጠብቅ እርጥብ ነጠላ ሲመጣለት ይስቃል ብለው ነበር። አልሳቀም። ሁለት መዳፎቹን ገጥሞ ዘረጋ።

«ጋሼ፣ ይጭመቁልኝ።»

መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ በግራና በቀኝ ያልፋል። አቶ ወልደአረጋይ ነጠላውን ባለ በሌለ ኃይላቸው ጠመዘዙት። መጀመሪያ ምንም አልወጣም፤ ቆይቶ ጠብ ጠብ አለ። እፍኝ አልሞላም፤ አንድ ጉንጭ ቢሆን ነው። ሰመረ በስመ አብ ብሎ ጠጣው፣ እርጥብ መዳፉን ፊቱ ላይ አድርጎም እዚያው ቆሞ አለቀሰ። አቶ ወልደአረጋይ አቀፉት፤ እሳቸውም አለቀሱ። ሉሊ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ጠበቀቻቸው፤ ስለ ምግብ ደግማ አላነሳችም።