አደራ የተሰጠኝ ድመት እንዴት እንደወፈረ

አከራዬ ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሲሄዱ ቤታቸውን ቆልፈው ድመታቸውን ለእኔ ተዉልኝ። እሳቸው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ በትግርኛ “ኣደይ”፣ እናቴ፣ እንላቸዋለን። እኔ ከደብረ ማርቆስ መጥቼ መቀሌ ውስጥ ሒሳብ የማስተምር፣ ሓወልቲ አካባቢ በግቢያቸው አንዲት ክፍል የተከራየሁ ሰው ነኝ።

“ኣንታ ወደይ፣ አንተ ልጄ፣ ስመለስ በሕይወት እንዳገኘው” አሉኝ ታክሲው በር ላይ ቆሞ እየጠበቃቸው።

“አያስቡ ኣደይ” አልኳቸው።

ድመቱ ግራጫ፣ ወንድ፣ ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ነው። በሕይወት ማቆየቱ ምንም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ውፍረቱ ነው። አንድ ወር ሳይሞላው በመስኮቴ ብረት መሀል ሲገባ ተቀረቀረ። ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ሲጮኽ ደርሼ ወገቡን በምግብ ዘይት አሽቼ አወጣሁት። ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ይሆን ብዬ ፈራሁ። በማግስቱ በዘንቢል ይዤው፣ በባጃጅ ወደ ቁሓ መውጫ ካለ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት።

ከፊቴ ሁለት ፍየሎች፣ አንድ አህያና አንዲት ላም ተራ ይጠብቃሉ። የላሟ ባለቤት ዘንቢሉን አጮልቀው አዩ።

“ዶሮ ነው?”

“ድመት ነው።”

“ምን ሆኖ?”

“ወፍሮ።”

ሰውዬው ለአህያው ባለቤት በትግርኛ ነገሩት። የአህያው ባለቤት ተነሥቶ መጥቶ አየና ወደ አህያው ተመለሰ።

ሐኪሙ ቁምነገረኛ ወጣት ነው። ካርድ አወጣና “በቀን ስንት ሊትር ወተት ይሰጣል?” ሲል ጠየቀኝ።

“ወንድ ነው፣ ዶክተር።”

“እሺ። አገልግሎቱስ? ለእርሻ ነው ለጭነት?”

“ድመት ነው እኮ።”

“አይቻለሁ። ግን ቅጹ ባዶ አይተውም” አለና ጥቂት አስቦ “ጥበቃ” ብሎ ጻፈ።

ሚዛኑ የበግ ስለነበር ድመቱ ብቻውን ሲቀመጥበት መርፌው ንቅንቅም አላለም። ስለዚህ አንዴ ድመቱን ታቅፌ፣ አንዴ ብቻዬን ተመዘንኩ። ልዩነቱ ስምንት ኪሎ ሆነ። “ሦስቱ ትርፍ ነው” አለ ሐኪሙ። ወደ ሆዴም አየት አድርጎ “አንተም ራት ላይ ቀነስ አድርግ” አለኝ።

ክትባት ወግቶት፣ ጥርሱን አይቶለት ትእዛዙን ነገረኝ። ወተት ይቅር፤ ትልቅ ድመት ወተት አይስማማውም። ጠዋትና ማታ የተመጠነ ሥጋ ይብላ፤ ንጹሕ ውሃ አይጥፋበት፤ በየቀኑ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይሩጥ። “እንዲህ ከያዝከው ገና ብዙ ዓመት ይኖራል” አለኝ።

እኔም እንደታዘዝኩት አደረግኩ። ሥጋውን እየመጠንኩ ሰጠሁ። ገመድ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሬ እየጎተትኩ ጠዋት ጠዋት ግቢውን በሩጫ ዞርኩ። ድመቱ ጥላ ሥር ተጋድሞ ያየኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንመዘን እኔ ሁለት ኪሎ ቀንሻለሁ፤ እሱ ግማሽ ኪሎ ጨምሯል። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ይህ ከምንም ሊመጣ እንደማይችል ይገባኛል። ቅዳሜ ጠዋት ድመቱ አጥሩን ሲዘል ተከተልኩት።

ቀጥ ብሎ የሄደው ከወሎ መጥተው ጫማ ወደሚነግዱ ጎረቤታችን ሱቅ ነው። ስደርስ የጫማ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ቱና ይበላል።

“መምህር፣ ግባ! ድመቴን አየኸው? ማሻአላህ!” አሉኝ።

“የእርስዎ ነው እንዴ?”

“ሁለት ዓመቱ። በረሃብ ሲንከራተት ነው ያገኘሁት። አንጀቴን በላው።”

“ይህ እኮ የኣደይ ድመት ነው። እኔ ነኝ የማሳክመው።”

“አብሽር፣ እኔም አሳክሜዋለሁ” አሉና ከመሳቢያ የክትባት ካርድ አወጡ። እኔም የእኔን ከኪሴ አወጣሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ስናነብ ድመቱ ሳህኑን ልሶ ወጣ። ተያይተን ሱቁን ዘግተን ተከተልነው።

ሁለት በር አልፎ የሙሽራ ልብስ የምትሰፋ ሴት ቤት ገባ። ከኋላው ስንገባ ሴትየዋ እጆቿን ዘርግታ አገደችን።

“ቀስ! እንዳትነኳት! እርጉዝ ናት!”

ጥግ ላይ የቬሎ ቁራጭ የተነጠፈበት ሣጥን አለ። ከአጠገቡ ጉበት፣ እንቁላልና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ወተት።

“ስንት ወሯ ነው?” አልኳት።

“አምስት።”

“ድመት እኮ በሁለት ወር ትወልዳለች” አሉ ነጋዴው።

“የኔዋ ትዘገያለች።”

ነጋዴው ጎንበስ ብለው የድመቱን ጭራ ከፍ አደረጉ። “እህቴ፣ ወላሂ ይህቺ ወንድ ነው።”

ሴትየዋ ራሷ አጎንብሳ አየች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

“ታዲያ ሆዷ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?” አለች።

“የእኔ ቱና” አሉ ነጋዴው።

እዚያው ተሰብስበን ቃለ ጉባኤ ያዝን። ጠዋት እኔ፣ ማታ ነጋዴው እንድናበላው ተስማማን። ልብስ ሰፊዋ ማብላት ተከለከለች፤ ማጫወት ግን ተፈቀደላት። የእኔን ገመድ ንቆ የተኛው ድመት የእሷን የዳንቴል ቁራጭ ሲያይ እንደ ልጅ ይዘል ጀመር። ኣደይ እስኪመለሱ ወገቡ ታየ፤ መስኮቴንም ሳይነካ ያልፍ ነበር።

ኣደይ ዓይናቸው ድኖ ሲመለሱ ምስጋና ጠብቄ በር ላይ ቆምኩ። ድመቱን አንሥተው ጎኑን ዳበሱ። ጣቶቻቸው የጎድን አጥንቱ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተለወጠ።

“እንዲህ ሆኖ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ወደይ” አሉኝ። “በዚያ በክፉው ጊዜ፣ በጦርነቱ። እኔ ከበላሁት ነበር የሚበላው። እኔም የምበላው አልነበረኝም።”

ስለ ኪሎ፣ ስለ ስብ፣ ስለ ቃለ ጉባኤው ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ተውኩት፤ ሻንጣቸውን አንሥቼ ወደ ቤት አስገባሁ። ሦስት ቀን አኮረፉኝ፤ ሦስት ቀን ወተት አጠጡት፤ በአራተኛው ቀን ድመቱን ተቅማጥ ያዘው። ያኔ ዘንቢሉን ራሳቸው አምጥተው “ና፣ ውሰደን” አሉኝ።

ሐኪሙ መረመረውና ወተቱ ነው አላቸው። “ክሳቱስ?” ሲሉት ክርክር አልገጠመም። ነርስ መሆናቸውን ስነግረው ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ ሰጣቸው። ኣደይ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ የድመቱን ደረት ይዘው፣ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ መቁጠር ጀመሩ። ውጭ አንዲት ላም ጮኸች፤ በሩ ተንኳኳ፤ እሳቸው እጃቸውን አንሥተው ሁሉንም ዝም አሰኙ። አንድ ደቂቃ ሞልቶ፣ ሌላ ደቂቃ ጀመሩ።

“በክፉው ጊዜ ሳዳምጠው ልቡ ይንገዳገድ ነበር” አሉ ማዳመጫውን እያወለቁ። “አሁን እንደ ወጣት ነው የሚመታው።”

በማግስቱ ነጋዴውና ልብስ ሰፊዋ እንኳን ደኅና መጡ ሊሏቸው መጡ። ኣደይ ሁለቱን በር ላይ አቁመው ምን ምን እንዳበሉት አንድ በአንድ ጠየቁ፤ እርግዝናው ላይ ሲደርሱ ግድግዳ ተደግፈው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ከዚያ “ግቡ” አሏቸው። ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ድመቱ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።