ዳር ያልቆመው ፊል

ያን ቀን ጠዋት ጌሾ ስወቅጥ ነበር። የባሌ አባት፣ አባባ ወልዴ፣ «ነይ ልጄ፣ ጎረቤታችን ዳባ ለሰንጠረዥ መጥቷል» ሲሉኝ ዘነዘናውን ትቼ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። የልጅ ልጄ፣ ጻፊው። የምታነቡትም ስሙኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ እዚሁ ሰበታ። አባባ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ሰንጠረዥ የሚጫወቱት በኔ ዓይን ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ሁለቱም እንዳሻቸው ይደረድራሉ። እሳቸው በጆሮዬ ይነግሩኛል፣ እኔ አስቀምጣለሁ። ሁሉንም በጭንቅላታቸው ይይዙታል። አንድ ቤት ተሳስተው አያውቁም።

ፊል የሚሉት ጠጠር በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። እሳቸው ሁልጊዜ «ዳር አውጪው፣ ዳር ያለውን ማንም አይደርስበትም» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት አይቼ አወቅሁ ብዬ! ከዳር መሄጃው ሁለት ነው፣ ከመሃል አራት። ፊደል ያልቆጠርኩትን ማን ጠየቀኝ? ያን ቀን «ዳር» አሉኝ፣ እኔ መሃል አኖርኩት። እኔ ነኝ። የኦቦ ዳባ ፈረስ ወዲያው በላው። «ምን ተበላ?» ሲሉኝ በጆሯቸው «ወታደር» አልኩ።

ቆይተው ፊሉን ራሳቸው ሊያነሱ እጃቸውን ወደ ዳር ሰደዱ። ባዶ ነው። ጣታቸው ቤት ለቤት ሄደ፣ ተመለሰ።

«ልጄ፣ ዳር ብዬሽ አልነበረም?»

«አይ አባባ፣ መሃል ነው ያሉኝ። ተበላም ብዬዎታለሁ።»

እጃቸውን ሰበሰቡ። «ዓይኔ ሲሄድ ጭንቅላቴን ትቶልኝ ነበር» አሉ። «እሱም ሄደ።»

ያኔ ብናገር ምን ነበረበት? ቢቆጡኝ ነው። የሰንጠረዡን ጨርቅ አጣጥፈው ሰጡኝ፤ ሁለተኛ አልዘረጉትም። ከዚያ ወዲያ ራሳቸውን አላመኑም። «ምሳ በልቻለሁ?» ይሉኛል፣ አሁን በልተው። ጸሎት ጀምረው «የት ደርሼ ነበር?» ይሉኛል። የዋሸኋቸውን እኔን አመኑ። እንዲያ እንዳሉ ሞቱ። ልጅ ነበርኩ አልልም። ማሩኝም አልልም፤ የሚምሩኝ እሳቸው ነበሩ።

በሠልስቱ ኦቦ ዳባ ከድንኳኑ ውጪ አገኙኝ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያ ፊል ዳር ቢቆም እኮ ተሸንፌ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ዳር ሲያቆም የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ምን ነካው?»