አሶሳ፣ የእኔ ልብና የፕላስቲኩ ሰውዬ

በ2013 ዓ.ም. ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። ድባጤ ሰላም ያጣችበት ዓመት ነው፤ እዚያው የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፣ አልዘረዝረውም። ሚስቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና ታናሽ ወንድሜ አያሌው ነን። ሊመሽ ሲል የጭነት መኪና ደጃችን ቆመ። አያሌው "ጋሼ፣ አንተ ሂድ፣ እኔ ቤቴን አልለቅም" አለኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ እሱም የአባቴ ልጅ ነው፤ ስንጨቃጨቅ ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋና እየተሳደብኩ ተሳፈርኩ። በአንዱ እግሬ የእኔ ጫማ፣ በሌላው የአያሌው ጫማ እንዳለ ያየሁት ቻግኒ ስንደርስ ነው።

አሶሳ አንድ የማውቀው የአገር ሰው ነበረኝ፣ እሱ ዘንድ ሄጄ አረፍኩ። አሶሳ የራሳችን ክልል ከተማ ናት ይባላል፤ ለእኔ ግን ውጭ አገር ናት። ሙቀቱ ከጠዋት ጀምሮ ጀርባ ላይ ይቀመጣል። ማንጎው ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ ድንጋይ የተወረወረ መስሎኝ ስንት ቀን ከአልጋ ዘለልኩ። ገንፎ በባሚያ ሲያቀርቡልኝ፣ ይህ የሚሳብ ነገር ምንድን ነው ብዬ ሳህኑን ገፋሁ። አሁን ካላገኘሁት አልጠግብም፤ ለአያሌው እንዳትነግሩት።

ሳል ይዞኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተር መስፍን የሚባል፣ የሐኪም ተማሪዎች መምህር፣ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። "አባባ፣ የልብዎ በር ደህና አድርጎ አይዘጋም። ደሙ ወደ ኋላ ሲመለስ ሹ ይላል" አለኝ። ክኒን አዘዘልኝና ፈራ ተባ እያለ፣ "ማክሰኞ ማክሰኞ የሕክምና ትምህርት ቤታችን እየመጡ ተማሪዎቼ ቢያዳምጡት ፈቃድዎ ነው?" አለ።

ወሬው እኔን ቀድሞ ቤት ልታከራየኝ ካሰበችው ከሐጃ ዘይነባ ጆሮ ገባ። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ አማርኛዋ እንደመጣላት ነው።

"አንተ ልብ በሽተኛ ነው አሉ። እኔ ቤት ውስጥ ትሞታለህ?"

"አልሞትም።"

"ወላሂ በል።"

"ክርስቲያን ነኝ እኮ ሐጃ።"

"እንግዲያ በማርያም በል።"

በማርያም አልኩ፤ ቁልፉን ሰጠችኝ።

በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም ነበር። እንግዲህ ማክሰኞ ሲመጣ ደረቴን ታጥቤ፣ ሸሚዝ ቀይሬ እሄዳለሁ። ተማሪዎቹ በሰልፍ ይቆማሉ። "አባባ፣ እንደምን አደሩ? ደረትዎን ላዳምጥ?" ይሉኛል። ቦታውን ሲስቱ "ዝቅ በል፣ ከጡቴ ሥር፣ ወደ ብብቴ ጠጋ" እላለሁ። ከዚያ ፊታቸው ይበራል፤ "ሰማሁት!" ይላሉ። እርሻ የለኝ፣ ከብት የለኝ፣ በዚህ ከተማ ያለኝ ያ "ሰማሁት" የሚለው ቃል ብቻ ነበር። አያሌውም በስልክ ይህንኑ ሰምቶ በድባጤ ገበያ "ወንድሜ ሐኪም ያስተምራል" እያለ ይኮራብኝ ጀመር።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ትልቅ ሳጥን መጣ። ከውስጡ የወጣው የፕላስቲክ ሰውዬ ነው። ዓይኑን ያርገበግባል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ዶክተር መስፍን ታብሌት ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ የሰውዬው ልብ ይለወጣል፤ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ እንደ እኔው ሹ ይላል። ይሁን። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። አንዷ ተማሪ ጎንበስ ብላ "አባባ፣ እንደምን አደሩ? ደረትዎን ላዳምጥ?" አለችው። ጢም የለው፣ ሽበት የለው፣ አባባ!

በሚቀጥለው ማክሰኞ የትምህርት ቤቱ ቢሮ ኃላፊ ከበር መለሰኝ።

"አባባ፣ ከእንግዲህ ይረፉ። ሞዴሉ አይደክምም።"

"እኔስ መቼ ደከመኝ አልኩ?"

"እሱ ላይ ሁሉም ዓይነት በሽታ አለ።"

"የተባረርኩት በሽታዬ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው? ልጨምር?"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ከመስኮቱ ውጭ ድንጋይ ላይ እየተቀመጥኩ እጠባበቅ ጀመር። መብራት ሲጠፋና ሰውዬው ሲደርቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ተማሪዎቹ ሲወጡ "እሱ የሚላችሁ ውሸት ነው! የሰው ልብ እኔ ጋ ነው!" እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ኢክራም የምትባል የባምባሲ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። በእኔ ደረት ከተማሩት አንዷ ናት።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቆጡኝ። ያኔ አልሰማሁም ነበር።"

"ምኑን?"

"ልብዎን። ሰማሁ ያልኩት አፍሬ ነው። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው፣ እርስዎ ሸሚዝዎን አውልቀው ተቀምጠዋል፣ ደግመው ይድከሙ ማለት ከበደኝ። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነበርን። ሞዴሉን ግን መቶ ጊዜ ብደጋግመው አያፍርብኝም፣ አላፍርበትም። መስማት የተማርኩት በእሱ ነው።"

ተቆጣሁ? ከቁጣም በላይ ነው። የበሩት ፊቶች ሁሉ አንድ በአንድ ጠፉብኝ።

"አሁን ላዳምጥዎት?" አለች።

እንቢ ልላት አስቤ ሸሚዜን ፈታሁ። ቦታውን አላሳየኋትም፤ ራሷ አገኘችው። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። "ሰማሁት" አላለችም። ቀስ ብላ "አባባ፣ ደረጃ ሲወጡ ያፍንዎታል?" አለችኝ። እግሬ ማበጡንም ሳልነግራት ጠየቀችኝ። "ዶክተር ነግሮን ከነበረው ብሷል። ነገ ጠዋት ከእሱ ጋር እዚሁ ልምምድ አለን፤ እሱ ራሱ ይይዎት፣ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ።" ይህን ያስተማራት ያ ፕላስቲክ ነው። ባለውለታዬ ሲሆን ይባስ ጠላሁት።

አመሻሹ ላይ ለአያሌው ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ልብህ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"በቆሎው አፈራ እኮ። አትመጣም? አገሩ ረጋ ብሏል።"

"እስቲ አያለሁ።"

"ተማሪዎችህስ? አሁንም ባንተ ይማራሉ?"

"አዎ" አልኩት። በስልኩ ውስጥ ውሻችን ሲጮህ ይሰማኛል። ካርዱ አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ሸሚዝ ቀይሬ ሄድኩ። የቢሮው ኃላፊ ገና አልገባም ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለው አልጋ አንድ ነው፣ እሱም ላይ ያ ሰውዬ ተንጋሏል። ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጌው አጠገቡ ጋደም አልኩ። ዶክተር መስፍንና ተማሪዎቹ ሲገቡ በሩ ላይ ቀጥ አሉ።

"መጀመሪያ እሱን አዳምጡ፣" አልኳቸው፣ "ቀጥሎ እኔን። ያልሰማም አልሰማሁም ይበል፣ እስኪሰማ እተኛለታለሁ።"