ፋን ጂንሩ የለያየቻቸው ሁለት ስባሪዎች

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 1988 ጠዋት የፋን ጂንሩን የሥራ ክፍል ስከፍት ጠረጴዛዋ ላይ አንድ የበሬ ትከሻ አጥንት አገኘሁ። የፊቱ ጽሑፍ ቅጂ ተነሥቷል፤ የጀርባው ገና ነበር። እሷ ግን ሌሊቱን ቤቷ ውስጥ በተኛችበት አርፋለች።

በቀብሯ ላይ አንድ ተናጋሪ “በሥራ ዘመኗ ሁሉ አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም” አሉ። እኔ እዚሁ አንያንግ ከተማ፣ እሷ በሠራችበት ተቋም፣ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የጥንት አጥንቶች መዝገብ ኃላፊ ነኝና ይህን እንዲህ እንዳለ አላልፈውም። ተሳስታለች። ስሟ በክብር መነሣት ያለበትም በዚያ ስሕተት ነው።

የጥጥ ገበሬ ልጅ ናት፤ ሁዋን ወንዝ ዳር አደገች። በመንደሯ ማረሻ ጠለቅ ካለ የጥንት የሻንግ ነገሥታት ጽሑፍ ያስቀረጹበት አጥንት ይወጣል። ንጉሡ የሚመጣውን ለማወቅ መናፍስትን ስለ ዝናብ፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ወሊድ ሲጠይቅ ጥያቄው በኤሊ ቅርፊት ወይም በበሬ አጥንት ላይ ይቀረጽ ነበር። ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላ እጃችን የገባው ግን ስብርባሪው ነው፤ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ሩቅ ከተማ። ፋን ስስ ወረቀት አርጥባ በስባሪው ላይ ትለጥፍና ቀለም በነካ ጨርቅ ቀስ እያለች ትመታዋለች፤ ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ቅጂዎቹን ጠርዝ ለጠርዝ እያስጠጋች የተለያዩትን ታገናኛለች።

ዝነኛ ያደረጋት ግጥሚያ የእኛን ስባሪ ቲያንጂን ካለ ስባሪ ቅጂ ጋር ያገናኘችበት ነው። የላይኛው “በመጪዎቹ አሥር ቀናት ክፉ ነገር ይመጣ ይሆን?” ይላል። የታችኛው “በአምስተኛው ቀን ከምዕራብ ወራሪ መጣ” ይላል። አለቃችን ኒየ በዚያ ላይ ተመሥርተው ስለ ጦርነቱ ዘመን የመጽሐፋቸውን ትልቁን ምዕራፍ ጻፉ።

ባረፈችበት ዓመት መከር የቲያንጂኑ ስባሪ ለፎቶ በውሰት መጣ። የኒየ መጽሐፍም ከፋን የቅጂ ገጾች ጋር ማተሚያ ቤት ገብቶ ነበር። ፋን ሁለቱን በሁለት እጇ አንሥታ በአውራ ጣቷ ዳበሰቻቸው።

“መዝጋቢዋ፣ ነይ እስቲ” አለችኝ። “ይሄን ዳብሺው። ይሄንንስ?”

አንዱ ስስና ጎበጥ ያለ፣ ሌላው ወፍራም ነበር። ወረቀት ውፍረት አያሳይም።

“ኤሊና በሬ ናቸው” አለች። “አጋብቻቸው ኖሯል!”

ኒየ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። “እህት ፋን፣ ስባሪው ነገ ተመልሶ ቲያንጂን ይገባል። ማን ጎን ለጎን ያያቸዋል?”

“እኔ አየኋቸው እኮ።”

“ስምሽ ያለው በዚህ ግጥሚያ ነው። አፍርሰሽው ምን ይቀርሻል?”

“እጄ ይቀረኛል። ደግሞ አንተ ሽማግሌ፣ ለስሜ አዝነህ ነው ወይስ ለምዕራፍህ?”

“ለሁለቱም!” ብለው ጮኹ።

“ሠርጉ ላይ ደህና አድርገህ በልተሃል። ፍቺው ላይም ትገኛለህ።”

ሳቄ አመለጠኝ፤ ኒየ ገላመጡኝ። ፋን ግን ቁጭ ብላ የሁለቱን ቅጂ በየራሱ ገጽ ለጠፈች፤ ከሥሩም “ግጥሚያው የእኔ ነበር፤ ስሕተት ነው” ብላ ፈረመች። ጥያቄው ያለ መልስ፣ መልሱም ያለ ጥያቄ ቀረ። “አላውቅም የሚል ገጽ ከተሳሳተ ገጽ ይሻላል፤ አንድ ቀን እውነተኛውን ጓደኛ የሚያገኝለት ሰው ይመጣል” አለችኝ።

ኒየ ለቀናት ሰላምታ ነሷት። ኖቬምበር 16 ቀን ከሰዓት በኋላ የተለያዩትን ገጾች ወደ ማተሚያ ቤት ልትወስድ ብስክሌቷን ስታወጣ ደረጃው ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

“መንገድሽ ነውና ምዕራፌንም እንዲያወጡት ንገሪያቸው” አሉ ሌላ ሌላ እያዩ።

“እነግራቸዋለሁ።”

“ስትመለሺም ሰሊጥ ያለበት ቂጣ ግዢልኝ። በንዴት ምሳ አልበላሁም።”

“ንዴቱስ አልበቃህም?”

አታሚው ምዕራፉን ሲያወጣና ገጾቹን ሲለያይ አጠገቡ ቆማ አየች። ከበሩ ማዶ ካለው ምድጃ ቂጣ ገዛች፤ እንዳይበርድ ኮቷ ውስጥ ሸጉጣ ተመለሰች። ኒየ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፉ ነበር። ክርናቸው አጠገብ አስቀመጠችላቸውና ወደ ቤቷ ሄደች።