በወንድሜ ስም የፈረምኩት መጥሪያ

ወንድሜ ከሠራዊቱ ከተሰናበተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ስሙ ግን በተጠባባቂነት ተመዝግቧል። በዚያ ወር ሊሙ ገነት አካባቢ ስልክ በማይሠራበት እርሻ ላይ ቡና እየለቀመ ነበር።

የቀበሌው መልእክተኛ በቾ ቦሬ ሰፈር ወዳለው ቤታችን የሠራዊቱን መጥሪያ ይዘው ሲመጡ ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እንግዳ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። «እሱ የለም፣ እኔ አልቀበልም» ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

«ፈርሚ ልጄ፣ ገና ብዙ ቤት ይቀረኛል» አሉኝ።

«ማን ብዬ?»

«የሱን ስም ነዋ። የኔን ልትጽፊ ነው?»

የወንድሜን ስም ጻፍኩ። መጥሪያውን ወደ ሊሙ ለሚሄድ ሹፌር ሰጠሁት፤ ሹፌሩ ግን ሳያደርሰው ቀረ። ወንድሜ ምንም ሳያውቅ ለቀማውን ጨርሶ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ወታደሮች መጥተው ወሰዱት። ጥሪ ተቀብሎ ቀርቷል፣ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ይዳኛል ተባለ።

እኛ ግቢ ክፍል የተከራየች የሕግ ተማሪ አለች። አፍሬ አፍሬ ጠየቅኳት።

«ተጠባባቂ እኮ እስኪጠራ ድረስ እንደኔና እንዳንቺ ሲቪል ነው» አለችኝ። «ጥሪው ካልደረሰው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ሊይዘው አይገባም። ግን ፈርሟል ይላሉ።»

«የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ይህን ከተናገርሽ አንቺን ይከሱሻል።»

እናቴ ሰምታ ኖሮ ከጓዳ ወጣች። «አንዱ ታስሯል፤ ሁለተኛ ልጅ አልጨምርም። አፍሽን ዝጊ።»

ዕድሜዬን ሙሉ አፌን ዘግቼ ነው የኖርኩት። በማግስቱ በከተማችን መርካቶ ከምሠራበት የቡና መጋዘን ቀርቼ ወንድሜ ወደታሰረበት የጦር ካምፕ ሄድኩ። በሩ ላይ ዘቡ ማንን እንደምፈልግ ቢጠይቀኝ ላብ አጠመቀኝ።

«ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ» አለ እየሳቀ። «ቁርስ በልቻለሁ፣ አልበላሽም።»

ጉዳዩን የያዙት ሻምበል ፊት ስቀርብ መሬት መሬት እያየሁ ተናገርኩ።

«ወንድምሽን ለማስፈታት ነው የምትዋሺው?» አሉኝ።

«ወረቀት ይስጡኝ።»

ስሙን ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። እኔ የመጀመሪያውን ፊደል እግር ወደ ውስጥ አጥፋለሁ፤ ወንድሜ ግራኝ ነው፣ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሻምበሉ የወንድሜን የድሮ የሠራዊት ፋይል አስመጥተው ከመጥሪያው ጋር አስተያዩት። መልእክተኛውንም በስልክ ጠየቁ። እሳቸውም ያስፈረሙት አንዲት ልጅ እንደነበረች አልካዱም።

«ጥሪ ያልደረሰው ተጠባባቂ በኛ አይዳኝም» አሉ ሻምበሉ በመጨረሻ። «ይለቀቃል። አዲሱን መጥሪያ በገዛ እጁ ይቀበላል። አንቺ ግን በሰው ስም ፈርመሻል።»

«አዎ።»

«አንቺም የኛ አይደለሽም። ለከተማው ፖሊስ እጽፋለሁ፤ ሲጠሩሽ ትሄጃለሽ።»

«ደብዳቤውን ይስጡኝ፤ ዛሬውኑ እሄዳለሁ።»

ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን ሰጠሁ። ዋስ አምጪ ሲሉኝ ከሰዓት በኋላ የተፈታው ወንድሜ ጢሙን እንኳ ሳይላጭ መጣ።

«ሱቅ ሄዳ ጨው መጠየቅ የምታፍር ልጅ ሻምበል ፊት ምን ነካት?» አለኝ።

«የዛሬ ደመወዜ ቀርቷል፤ ቶሎ ጨርስና እንሂድ።»

ጉዳዬ እስካሁን አልተዘጋም። በቀጠሮዬ ቀን ሁሉ ሥራ ቀርቼ እቀርባለሁ፤ የሆነውንም እንደሆነው እናገራለሁ። ድምፄ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ዳኛው ካልሰሙኝ ግን እደግመዋለሁ።