እንሰቱን ሳይቆርጡ ማየት

ሚሊኒየሙን ካከበርን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዲላ ፊዚክስ ላስተምር ስመጣ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን በኳንተም ኢሜጂንግ ላይ ይዤ ነበር። ጥንድ ሆነው ስለሚፈጠሩ የብርሃን ቅንጣቶች ብዙ ቀመር ጽፌያለሁ፤ አንዱ ዕቃውን ሲነካ፣ ዕቃው ጋ ያልደረሰው ሌላው እንዴት ምስሉን ለማውጣት እንደሚረዳ። በመሣሪያ ግን አንድም ጥንድ ለክቼ አላውቅም። ይህ ዕረፍት ይነሳኝ ነበር። ሳስተምር ከመስኮት ወደ በር እመላለሳለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ ያለ ጉዳይ መናኸሪያ ድረስ ወርጄ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ስለዚሁ ጥንድ ብርሃን አስተምሬ ከክፍል ስወጣ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከደጋው ከቡሌ ወረዳ የመጣች፣ ተከተለችኝ።

«መምህር፣ ይሄ ብርሃን የእንሰት በሽታ ያሳያል?»

«የምን በሽታ?»

«አጠውልግ የሚሉት። የአባቴን ጓሮ እየጨረሰው ነው።»

አላውቅም ማለት ከበደኝ። «እስቲ ሄደን እንየው» አልኳት።

ቅዳሜ ቡሌ ወጣን፤ መንገዱ ስለተበላሸ የመጨረሻውን ክፍል በእግራችን ሄድን። አባቷ ጤነኛ የሚመስል እንሰት መርጠው ግንዱን በቢላ ቆረጡት። ከውስጡ ቢጫ ፈሳሽ ወጣ። ቢላው በሽታውን ወደ ሌላው እንዳያዛምት እሳት ላይ እየለበለቡ፣ «እኔ የማውቀው ስቆርጠው ነው» አሉኝ። «ከቆረጥኩት ደግሞ አለቀ። አንተ ሳትቆርጥ ታያለህ አለችኝ ልጄ።»

«ገና ነው፣ አባባ» አልኩ። በሽታውን ይዘን እንዳንወጣ፣ ምልክት ከሌለው ተክል ነፋስ የቀደደው ቁራጭ ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልለን ተመለስን።

ጥንድ ብርሃን የሚፈጥረው ክሪስታል ከአቅማችን በላይ ነበር። ዘዴው ግን በተራ ብርሃን የሚሠራ ዘመድ አለው። በክፍል ፕሮጀክተር ጥቁርና ነጭ ንድፎችን እያከታተልን ቅጠሉ ላይ እናበራለን፤ ከኋላው ያለችው አንዲት የብርሃን መለኪያ በየጊዜው ምን ያህል ብርሃን እንዳለፈ ትመዘግባለች፤ ኮምፒውተሩ ልኬቱን ከንድፎቹ ጋር አዛምዶ ምስል ያወጣል። ልጅቷ ከመኝታ ክፍሏ ባመጣችው ብርድ ልብስ የላብራቶሪውን መስኮት ሸፈነች። መብራት በጠፋ ቁጥር ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያገኘነው ግራጫ ብቻ ነበር። እኔም አንዱ ሙከራ ሳያልቅ ፕሮግራሙን እቀይራለሁ፣ ጠረጴዛውን እገፋለሁ።

«መምህር፣ እባክዎ ይቀመጡ» አለች በመጨረሻ። «ነጩ ሸሚዝዎ እያንጸባረቀ ነው። በተንቀሳቀሱ ቁጥር ልኬቱ ይዘላል።»

ቁጥሮቹን አሳየችኝ። እውነቷን ነበር፤ ሙከራውን ሳበላሽ የከረምኩት እኔው ነኝ። አፍሬ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ እዚያም እግሬ አላርፍ አለኝ።

ጠርታኝ ስገባ ምስሉ ደብዛዛ ነበር፤ ግን የቅጠሉ ጠርዝና ነፋስ የቀደደው ስንጥቅ ይለያል።

«የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ኳንተም ኢሜጂንግ በዲላ እንበለው» አልኩ።

«ኳንተም አይደለም እኮ» አለች። «የፕሮጀክተር መብራት ነው። በሽታውንም አላየንም፤ ያየነው የተቀደደ ቅጠል ነው።»

ተናደድኩ። ሁለት ቀን ሰላምታዬ ቀዝቃዛ ነበር። በሦስተኛው ቀን እሷ በመረጠችው፣ ኳንተም የሚል ቃል በሌለበት ርዕስ ጽሑፉን ፈረምኩላት። ለአባቷም ያልቻልነውን ራሷ ሄዳ በጌዴኦኛ አስረዳቻቸው።

ከተመረቀች በኋላ ገደብ ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረች። እኔ የውጭ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ሄድኩ። የመጀመሪያዎቹን ጥንድ ቅንጣቶች በለካሁ ማግስት፣ ከሌላ ሰው በፊት ለእሷ ደወልኩ።

«ምን አያችሁበት?» አለችኝ።

«መስታወት ላይ የተጫረ መስመር።»

«ቅጠልስ?»

«ገና አልደረስንም።»

ከዚያ አባቷ በሽታውን ይቋቋማል የተባለ ዝርያ ከጎረቤት አግኝተው መትከላቸውን፣ እስካሁንም አብዛኛው ሳይጠወልግ እንደቆመ ነገረችኝ። ከኋላዋ የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማ። «ክፍል አለኝ፣ መምህር» ብላ ስልኩን ዘጋች።